የእርሻ ዓመታትህን ከሲቪህ አትሰርዛቸው

ከዳላስ ለጻፍክልኝ ወንድሜ፣

ዕድሜህ 33 ነው። ጎጃም ከአባትህ ጋር ስታርስ አድገህ በዲቪ ከመጣህ አራት ዓመት ሆኖሃል፤ አሁን ኡበር ትነዳለህ። ባስ ሪቭስ የሚባለውን የጥንቱን ጥቁር አሜሪካዊ ሕግ አስከባሪ ታሪክ ከሰማህ ወዲህ ሕግ አስከባሪ መሆን ተመኝተሃል። ግን «ሞፈር ይዤ ያደግኩ ሰው ሲቪዬ ላይ ምን እጽፋለሁ?» ብለሃል። ይህን ጥያቄ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ሪቭስ እኮ ራሱ ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1838 አርካንሶ ውስጥ በባርነት ተወለደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ አምልጦ ዛሬ ኦክላሆማ ወደሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች (ኢንዲያኖች) ግዛት ገባ። ከነባሮቹ ሕዝቦች ጋር ኖሮ ቋንቋ ለመደ። ነጻ ከወጣ በኋላ ቫን ቢዩረን አጠገብ እያረሰ ልጆቹን አሳደገ። በ1875 ዳኛ አይዛክ ፓርከር ፎርት ስሚዝ ፍርድ ቤት ሲመጡ ብዙ ምክትል ማርሻሎች፣ ማለትም በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተፈላጊ የሚይዙ የፌዴራል ሕግ አስከባሪዎች፣ ተፈለጉ። ሪቭስ ያኔ 37 ዓመት ገደማው ነበር። ለምን ቀጠሩት? ያንን ግዛት ስለሚያውቅና ከሰው ጋር በቋንቋው ስለሚግባባ ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም። የመያዣ ትእዛዞቹን ሰው ያነብለታል፤ የትኛው ወረቀት የማን እንደሆነ በቃሉ ይዞ ይወጣል። እንዲህ እየሠራ እስከ 1907 ዘለቀ፣ 32 ዓመት።

አንተም ማማ ላይ ሰብል ስትጠብቅ እንዳደርክ፣ በድንበር የተጣሉ ጎረቤቶችን ሽማግሌዎች ሲያስታርቁ አብረህ እንደተቀመጥክ ጽፈህልኛል። ፖሊስ ሲቀጥር የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ሌሊት የማይደናገጥ፣ የተቆጣ ሰው የሚያበርድ። ሲቪህ ላይ በግልጽ ጻፈው። ለቃለ መጠይቁም አንዱን ጠብ ከነአፈታቱ መተረክ ተለማመድ።

እናትህ «ነርሲንግ ተማር» ማለታቸው ከስጋት ነው፤ አክብረህ ስማቸው፣ ውሳኔው ግን ያንተ ነው። ለወንድሞችህ በየወሩ ገንዘብ ስለምትልከው ግን አልሸሽግህም። ጉልበት ያላቸው ጎልማሶች በየወሩ እጅህን የሚጠብቁበት ምክንያት የለም። ሥልጠና እስክትጨርስ እንደማትልክ ዛሬውኑ ንገራቸው። ለራስህ ማጠራቀም አለብህ። ሪቭስ በዚያ ጊዜ ቋሚ ደመወዝ አልነበረውም፤ የሚከፈለው በያዘው ሰውና በተጓዘው ማይል ነበር። የካምፑን ምግብ አብሳይ ገድለሃል ተብሎ ሲከሰስ በ1887 ነጻ ቢወጣም፣ ያጠራቀመውን ጠበቃ በላው። ተቀማጭ ሳትይዝ ኡበሩን አትልቀቅ።

የአነጋገር ቅላጼህ አያስጨንቅህ፤ ከተግባባህ በቂ ነው።

እኔ እዚህ አገር ሥራ የጀመርኩት በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ነው። ችሎት ውስጥ ቁጭ ብሎ ሕጉ ሰው ላይ ሲሠራ ማየት የትም አይገኝም። አንተም ዜግነት እስክታገኝ በዚያ በር ግባ እላለሁ። ቴክሳስ የአስተርጓሚ ፈቃድ ፈተና አላት፤ መዘጋጀት ጀምር። የከተማ ፖሊስ መሥፈርት ስለሚለያይ የዳላስን ቅጥር ክፍል ደውለህ ጠይቅ። የፌዴራል ማርሻል ግን ዜጋ መሆን አለበት፤ 37 ዓመት ሳይሞላውም መቀጠር አለበት። ስለዚህ ጊዜህ ጠባብ ነው። ግሪን ካርድህ አምስት ዓመት ሊሞላው 90 ቀን ሲቀረው ለዜግነት ማመልከት ይፈቀዳል። ካርዱ ላይ ያለውን ቀን አይተህ አስላ፤ ያን ቀን አታሳልፍ።