«ልጁን ሊያደነዝዙት ነው!»

ጥያቄ፦ የአራት ዓመት ልጅ አለኝ። ሦስት የመንጋጋ ጥርሶቹ ተበልተዋል። ባለፈው ወር ሐኪሙ መስታወቷን አፉ ውስጥ ሲያስገባ ጣቱን ነከሰው፤ ሳይታከም ተመለስን። አሁን ከሕክምናው በፊት ሚዳዞላም የሚባል ሽሮፕ እንስጠው ብለዋል። ከአገር ቤት የመጣችው እናቴ ደግሞ «ለወተት ጥርስ ብለው ሕፃን ሊያደነዝዙ! ተይው፣ ራሱ ይወልቃል» እያለች እንቅልፍ ነሳችኝ። ምን ይሻለኛል?
የልጅ እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ፦ እህቴ፣ እኔም ስንቴ እንደተነከስኩ አትጠይቂኝ። እናትሽን ግን ይህን በያቸው፦ የኋላ የወተት ጥርስ የሚወልቀው ከ9 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ እያመመው ሊቆይ አይችልም።

ያጣላችሁ ቃሉ ይመስለኛል። ድድ ላይ የሚወጋውንም፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ጨርሶ የሚያስተኛውንም፣ ይህን ሽሮፕም «ማደንዘዣ» እንላለን። ሽሮፑ ሁለቱንም አይደለም። በ20 እና 30 ደቂቃ ውስጥ ልጁ ፈዘዝ፣ ረጋ ይላል፤ ሲጠሩት ግን ዓይኑን ይገልጣል። ብዙዎቹ የሆነውን በኋላ አያስታውሱትም። ሕመም ስለማያስታግስ የድዱ መርፌ አይቀርም። አንዳንዱ ልጅ ደግሞ ጭራሽ ይብስበታል፣ ያለቅሳል፣ ይታገላል፤ ያኔ እኔ ሥራውን ለሌላ ቀን አሳድረዋለሁ።

መጠኑ በኪሎ ነው። 16 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በኪሎ ግማሽ ሚሊ ግራም ቢታዘዝለት 8 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ እዚህ አሜሪካ ሽሮፑ በአንድ ሚሊ ሊትር 2 ሚሊ ግራም ስለሚይዝ 4 ሚሊ ሊትር ማለት ነው፣ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ሚዛኑ ግን በፓውንድ ነው። 35 ፓውንድን 35 ኪሎ ብሎ የጻፈ ሰው መጠኑን ከእጥፍ በላይ አደረገው። በዕለቱ ሲመዘን አጠገቡ ቁሚና «ኪሎው ስንት ሆነ?» በያቸው። እቤት አጠጥታችሁት ኑ ካሉሽ እሺ እንዳትይ።

ጥርሱን ከሚሠራው ሌላ ልጁን የሚከታተል የሠለጠነ ሰው መኖሩንም ጠይቂ። ጣቱ ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክስጅኑ፣ የመድኃኒቱን ኃይል የሚያረክሰው ፍሉማዜኒል እዚያው መሆን አለባቸው። ለምን ጠየቅሽ ብሎ ቅር የሚለው ካለ ሌላ ሐኪም ፈልጊ። ማታ የሚያንኮራፋ፣ ቶንሲሉ ትልቅ ወይም ሰሞኑን ጉንፋን የያዘው ከሆነ ቀድመሽ ደውይላቸው።

ዋናው ጣጣ ግን ምግብ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት እናት «ምንም አልቀመሰም» ብላ ልጇን አስረከበችኝ። መለኪያውን ላደርግለት እጁን ስይዝ ጣቶቹ ወዝተዋል፤ ንጥር ቅቤ ይሸታሉ። ለካ አያቱ «ልጅ በባዶ ሆዱ ሐኪም ቤት አይሄድም» ብለው ጨጨብሳ አጉርሰውታል። እሳቸውን አልፈርድባቸውም፣ የነገራቸው የለም። ቀጠሮውን ግን ሰረዝኩት፤ የፈዘዘ ልጅ ካስመለሰው ትውከቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቅባት ያለው ምግብ ከመድኃኒቱ 8 ሰዓት በፊት፣ ቀለል ያለ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት በፊት፣ ውሃ ደግሞ 2 ሰዓት በፊት ይቆማል። ክሊኒኩ ከዚህ የጠበቀ ካዘዘ የእነሱን ያዢ።

እኔ ብሆን ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር እጠይቅ ነበር። ጉድጓዱ ጥልቅ ካልሆነና ካላመመው ሲልቨር ዳያሚን ፍሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ተቀብቶ መበላቱን ሊያቆመው ይችላል። መርፌ የለው፣ መሰርሰሪያ የለው። የተበላውን ቦታ ያጠቁረዋል፤ የኋላ ጥርስን ደግሞ ማን ያየዋል?

ሽሮፑ ከተሰጠው ስትመለሱ ተጠንቀቁ። መኪና ውስጥ እንቅልፍ ጥሎት አንገቱ ወደ ፊት ከተደፋ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል፤ የሚነዳ ሰው ደግሞ ይህን አያይም። ስለዚህ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ። ኋላ አጠገቡ ተቀምጠው አገጩን ቀና እያደረጉለት፣ የደነዘዘ ከንፈሩንም እንዳያኝክ እየጠበቁት ይምጡ።