የጎንደርን ሥዕል ተከትሎ ለመጓዝ ከየት ይጀመራል?

«የጎንደር ዘመን ሠዓልያንን ያነሣሣቸውን ቦታ ለማየት ሁለት ቀን አለኝ፤ ከየት ልጀምር?» ብለው ለጠየቁት የሥዕል ተማሪ፣ እንግዶችን ይዤ ደጋግሜ ከሄድሁባቸው ቦታዎች ተነሥቼ እመልሳለሁ። አብዛኞቹ ሠዓልያን ስማቸውን ስላልተዉልን፣ የኖሩበትን ቤት ከመፈለግ ሥዕሉን ራሱን መከተል ይሻላል።

የመጀመሪያውን ቀን ጠዋት፣ ቅዳሴው ካበቃ በኋላ፣ ሙሉውን ለደብረ ብርሃን ሥላሴ ይስጡት። እ.ኤ.አ. ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ የመሠረቱት ይህ ደብር፣ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. የጎንደርን አድባራት ሲያቃጥል ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው፤ የአገሬው ሰው የንብ መንጋ ወጥቶ ወራሪውን እንደመለሰው ይናገራል። በጣሪያው ወራጆች መካከል የተደረደሩትን ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች ማንም ሰው ቀና ብሎ ያያቸዋል፤ ለሠዓሊ ግን ትልቁ ትምህርት ግድግዳው ላይ ነው። ቅዱሳኑ ሁለት ዐይናቸው እየታየ ሲሣሉ፣ ክፉዎቹ ፊታቸውን ወደ ጎን አዙረው በአንድ ዐይን ብቻ ይሣላሉ፤ ይህን ልብ ያሉ እንደሆነ ገድሉን ባያነቡትም ማን ከማን ወገን እንደሆነ ወዲያው ይለያሉ። በፍላሽ ፎቶ ማንሣት ክልክል ስለሆነ የንድፍ ደብተርና እርሳስ ይያዙ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቁስቋም ይውጡ። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ግቢ ዛሬ በአብዛኛው ፍርስራሽ ነው፤ ሆኖም አይዝለሉት፤ ምክንያቱም በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ፊትን በጥላ የማጉላት፣ ልብስንም ከባሕር ማዶ በመጣ ባለ አበባ ጨርቅ አምሳል የማስጌጥ ልማድ የጎለበተው በቤተ መንግሥቱ ዙሪያ ነው። እቴጌይቱን ራሳቸውን፣ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው የተሣሉትን፣ የሚያገኙት ግን በጣና ደቅ ደሴት፣ ናርጋ ሥላሴ ነው። ለዚያ ጉዞ ሌላ ቀን ያስፈልጋል።

ስለ አባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። የጎንደር ሠዓልያን ብዙ ጊዜ የሚሥሉት በግድግዳ ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ስለነበር ሥዕሉን ማላቀቅ ይቻላል፤ በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ተልእኮም እ.ኤ.አ. በ1932 የዚህን ደብር ሥዕሎች ነቅሎ ወሰዳቸው፤ በምትካቸው ጋስቶን ሉዊ ሩ የተባለው ሠዓሊ የሠራቸው ቅጂዎች ተተኩ። ዋናዎቹ አሁን ፓሪስ በኬ ብራንሊ ሙዚየም ይገኛሉ። የሚያሳዝነው፣ ጥናት ተብሎ መወሰዱ ነው።

ሁለተኛውን ቀን ከጎንደር በስተደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በጣና ዳር ለምትገኘው ለጎርጎራ ያውሉት፤ የደብረ ሲና ማርያም የግድግዳ ሥዕሎች ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ጋር ለማነጻጸር ይመቻሉ። ከመነሣትዎ በፊት የመንገዱን ሁኔታ እዚሁ ከተማ ይጠይቁ፤ ለደብሩ መግቢያ የሚሆን ዝርዝር ብርም ይያዙ።