መጀመሪያ ወንበሩን ለኪ

አንዲት ወጣት የላከችልኝ ጥያቄ ባጭሩ ይህን ይላል። «በእጄ መሣል እችላለሁ። ላለፉት 2 ዓመታት በምላጭና በማስመሪያ የአሻንጉሊት ቤት ዕቃዎች ስሠራ ቆይቻለሁ። ወንበር፣ ቁም ሳጥን፣ አልጋ፣ መስኮት። አብዛኛው ሥራዬ 1 ለ 24 ነው፤ ማለትም ከእውነተኛው ዕቃ 24 ጊዜ ያንሳል። ሰዎች መግዛት ጀምረዋል፤ ጣቴ ግን ዝሏል። ያጠራቀምኩት ገንዘብ ንድፍን ተከትሎ በምላጭ የሚቆርጥ አንድ ማሽን ይገዛል፣ ሁለት አይገዛም። ክሪከት ሜከር ልግዛ፣ ሲልዌት ካሜኦ፣ ወይስ የብራዘሩን ስካንኤንካት? ቤተሰቦቼ ደግሞ ‹ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው፣ ሥራ ፈልጊ› ይሉኛል። ምን ይመክሩኛል?»

እህቴ፣ የቤተሰቦችሽን ነገር ላስቀድም፤ መልሱ አጭር ነው።

በቺካጎው አርት ኢንስቲትዩት ውስጥ 68 ትንንሽ ክፍሎች ለሕዝብ ቆመዋል። ናርሲሳ ቶርን የተባለች ሴት አስባ ያሠራቻቸው ናቸው። የዕቃ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1932 እስከ 1940 ድረስ ደክመውባቸዋል። ፍራንሲስ ግሌስነር ሊ ደግሞ በ1940ዎቹ የሞት አደጋ የደረሰባቸውን ክፍሎች በ1 ለ 12 መጠን ሠርታ ለፖሊሶች ማስተማሪያ አደረገቻቸው። መርማሪው ትንሿን ክፍል እየቃኘ ማስረጃ ማንበብን ይማራል። ዛሬም ለመርማሪዎች ሥልጠና ያገለግላሉ። አንቺ የያዝሽው ሙያ ከሥነ ሕንፃ ሞዴል፣ ከሙዚየም ትዕይንትና ከፊልም ዕቃ ሥራ ጋር ጎረቤት ነው። ይሄንን ንገሪያቸው። የሽያጭ ደብተርሽን ግን አብረሽ አሳያቸው፤ ከእኔ ወሬ ይልቅ እሱ ያሳምናቸዋል።

አሁን ወደ ማሽኑ እንምጣ።

የጠራሻቸው ሦስቱም ጥሩ ማሽኖች ናቸው። የትኛው ላንቺ እንደሚሆን ለማወቅ ግን መጀመሪያ የምትሸጪውን ነገር ማወቅ አለብሽ። በዚህ ሙያ ገንዘብ የሚገኝባቸው መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንዱ የተጠናቀቀ ዕቃ ነው፤ ተቀብቶ፣ ተወልውሎ፣ ለሰብሳቢ የሚሸጥ። ሁለተኛው ኪት ነው፤ የተቆረጡት ክፍሎች ከመመሪያ ጋር ታሽገው ገዢው ራሱ ይገጣጥማል። ሦስተኛው ፋይል ነው፤ ንድፉን ብቻ ትሸጫለሽ፣ ገዢው በራሱ ማሽን ይቆርጣል።

ማሽኑ በሦስቱ ውስጥ ያለው ቦታ አንድ አይደለም። ኪት የምትሸጪ ከሆነ ማሽኑ የሥራሽ እምብርት ነው፤ ቀኑን ሙሉ ይቆርጣል፣ 50ኛው ሉክ ከ1ኛው ጋር እኩል መውጣት አለበት። ፋይል የምትሸጪ ከሆነ ማሽኑ መሞከሪያሽ ነው። የተጠናቀቀ ዕቃ የምትሸጪ ከሆነ ግን ማሽኑ የሚያግዝሽ በአንዱ እርከን ላይ ብቻ ነው። ማጣበቁ፣ በብርጭቆ ወረቀት ማለስለሱ፣ መቀባቱ አሁንም በእጅሽ ነው።

ለዚህ ነው ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጊ የምለምንሽ። የሚቀጥለውን ወንበር ስትሠሪ ሰዓት ያዢ። ለመሣል ስንት ደቂቃ፣ ለመቁረጥ ስንት፣ ለማጣበቅ፣ ለማለስለስ፣ ለመቀባት ስንት። ወረቀት ላይ ጻፊው። ከ4 ሰዓት ሥራ ውስጥ መቁረጡ 40 ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ማሽን የሚያድንልሽ ከ40 ደቂቃ አይበልጥም። መቁረጡ 2 ሰዓት ተኩል ከሆነ ደግሞ ነገ ግዢ።

ቀጥሎ ልኬት። አንድ እውነተኛ ወንበር መቀመጫው 45 ሳንቲ ሜትር፣ እግሩ 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አለው እንበል። በ1 ለ 12 መቀመጫው 37.5 ሚሊ ይሆናል፣ እግሩ 3.3 ሚሊ። በአንቺው በ1 ለ 24 መቀመጫው 18.75 ሚሊ፣ እግሩ 1.7 ሚሊ ገደማ ነው። በ1 ለ 48 እግሩ ከ1 ሚሊ በታች ይወርዳል። እነዚህን ቁጥሮች ያዢያቸው፤ ምርጫውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ክሪከት ሜከር የሚታወቀው በጉልበቱ ነው። እስከ 4 ኪሎ ኃይል ይጫናል፤ ወፍራም ምላጩ ሲገጠምለት እስከ 2.4 ሚሊ ውፍረት ያለው ስስ እንጨትና ካርቶን ይቆርጣል። ማስታወቂያው ላይ ሲታይ ልብ ይሰርቃል። ነገር ግን የክሪከት መመሪያ ራሱ በዚያ ምላጭ ከ19 ሚሊ ያነሱ ቅርጾች እንዳይቆረጡ ይመክራል። ያንቺ መቀመጫ 18.75 ነው። እግሩንማ ተዪው።

ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። የማማክረው አንድ ወጣት እንጨት ይቆርጣል በተባለው ማሽን ገንዘቡን ጨርሶ ቤቱ ጠራኝ። 1.5 ሚሊ እንጨት በሚያጣብቀው ማት፣ ማለትም የሚቆረጠውን ነገር በሚይዘው ምንጣፍ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር አስሮታል። ምላጩ እንደ ማረሻ በዚያው ትልም ላይ ይመላለሳል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ዘጠነኛው ላይ «ጠቅ» አለ። የወንበሩ እግር በእንጨቱ ጅማት በኩል ተሰንጥቆ ወደ ጎን ተፈናጠረ። ማሽኑ አላወቀም፤ መቁረጡን ቀጠለ። ልጁ ዝም ብሎ አየኝ። ማሽኑ ምንም ጥፋት አልነበረበትም። የተሰጠው ሥራ ነው ልክ ያልሆነው። ያው ማሽን የቤት ግድግዳና ወለል ቢሰጠው በደንብ ይቆርጥ ነበር።

ታዲያ ስስ የወንበር እግር እንዴት ይሠራል? በወረቀት፣ በንብርብር። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ ለአንቺ ትልቁ ነገር ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ።

0.4 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠንካራ ወረቀት ውሰጂ። የወንበሩን የጎን ቅርጽ፣ ሁለቱን እግሮችና ማገናኛውን አንድ ላይ፣ 4 ጊዜ አስቆርጪ። 4 ጊዜ 0.4 ማለት 1.6 ሚሊ ነው፤ የሙጫውን ስትጨምሪበት የምትፈልጊው 1.7 ላይ ትደርሻለሽ። ሙጫውን በብሩሽ ስስ አድርጊው፤ ከበዛ ወረቀቱ ይጠጣውና ይጣመማል። ደርበሽ በሁለት ጠፍጣፋ ነገር መካከል ክብደት ጭነሽበት አሳድሪው። ጠዋት ስታነሺው እንደ እንጨት ደርቆ ታገኚዋለሽ። ከመቀባትሽ በፊት ሼላክ ወይም ቫርኒሽ በሁለቱም ወገን አጠጪው፤ እርቃኑን ውሃ ያለው ቀለም ከነካው ያብጣል። ከዚያ ጠርዙን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት እሺው፣ የንብርብሩ መስመር እስኪጠፋ። ቀለም ሲቀባ ወረቀት ነው ብሎ የሚያውቅ ሰው የለም።

ለዚህ ሥራ 4 ኪሎ ጉልበት አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥርት ያለ ጠርዝ፣ አዲስ ምላጭና ትዕግሥት ነው። አንድ ተጨማሪ ምስጢር፦ ተቆርጦ ሲያልቅ ወረቀቱን ከማቱ ላይ አትላጪው። ማቱን ገልብጠሽ፣ ወረቀቱን በእጅሽ ጠረጴዛው ላይ ይዘሽ፣ ማቱን ወደ ላይ እጠፊው። ወረቀቱን ከጎተትሽ ይጠቀለላል፤ የመስኮት ቀጫጭን ፍሬሞች የሚበላሹት በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ፋይሉ ላይም ውስጠኛው ቀዳዳ አስቀድሞ፣ የውጭው ጠርዝ በመጨረሻ እንዲቆረጥ አድርጊ። ውጭው ቀድሞ ከተቆረጠ ቁራጩ መንሸራተት ይጀምራል።

ስለ ስፋት ደግሞ። ካሜኦም ሜከርም 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው ማት ይሠራሉ። የካሜኦ ታናሽ እህት ፖርትሬት 8 ኢንች ነች፤ 20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ። 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው ግድግዳ በ1 ለ 24 ሲቀነስ 10.4 ሳንቲ ይሆናል፤ ፖርትሬት ላይ እንደ ልቡ ይገባል። በ1 ለ 12 ግን 20.8 ነው፤ በጥቂት ሚሊ ያልፍሻል። በ1 ለ 24 የምትቆዪ ከሆነ ትንሿ ማሽን ትበቃሻለች። ወደ 1 ለ 12 የመሄድ ሐሳብ ካለሽ ሰፊውን ያዢ።

ብራዘር ስካንኤንካት በእጅ ለሚሥል ሰው ያጓጓል። የራሱ ስካነር አለው፤ ሥዕልሽን አስገብተሽ ያለ ኮምፒውተር ያስቆርጥሻል። የኤስዲኤክስ ሞዴሎቹ የዕቃውን ውፍረት ራሳቸው ለክተው ምላጩን ያስተካክላሉ። ለትርፍ ጊዜ ሠሪ ቢሆን ዓይኔን ሳላሽ እመክረው ነበር። ላንቺ ግን እፈራለሁ። ስካነሩ በኮምፒውተር መንደፍ ሳትማሪ እንድትቆዪ ያደርግሻል። የወንበሩ እግርና የመቀመጫው ቀዳዳ በ0.2 ሚሊ ልዩነት እንዲገጥሙ ከፈለግሽ፣ በእጅ የተሣለ መስመር አይበቃም። በቁጥር መንደፍ ያስፈልጋል። ኢንክስኬፕ የተባለው የንድፍ ሶፍትዌር ነፃ ነው፤ ከእሱ ጀምሪ። ኤስቪጂና ዲኤክስኤፍ በሚባሉት የንድፍ ፋይል ዓይነቶች መንደፍ የቻለ ሰው ነገ ሌዘር ካተር ያለው የሞዴል ስቱዲዮ ሥራ ቢያወጣ መወዳደር ይችላል። ማሽኑ ያረጃል፤ ይሄ ችሎታ ግን አብሮሽ ይሄዳል።

የሶፍትዌሩን ነገር ብዙ ሰው ችላ ይለዋል። ለሚተዳደርበት ሰው ግን ከምላጩ እኩል ከባድ ነው። የክሪከት ሶፍትዌር ዲዛይን ስፔስ በአካውንት የሚገባበት ነው፤ አዲስ ፋይል ለመጫን ኢንተርኔት ይፈልጋል። በ2021 ኩባንያው ወርኃዊ ክፍያ የማይከፍሉ ተጠቃሚዎች በወር ከ20 በላይ የራሳቸውን ንድፍ እንዳይጭኑ ሊያደርግ መሆኑን አሳውቆ ነበር። ተጠቃሚው ሲቆጣ በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ቀየረ። ጥሩ አደረገ። ነገር ግን እንጀራሽ በሌላ ሰው ሶፍትዌር ላይ ሲቆም ምን ሊመጣ እንደሚችል አሳይቷል። የሲልዌት ሶፍትዌር ሲልዌት ስቱዲዮ ግን ኮምፒውተርሽ ላይ ተጭኖ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ነፃው ዕትም ዲኤክስኤፍ ይከፍታል፤ የራስን ኤስቪጂ መክፈት ግን ለረጅም ጊዜ የሚከፈልበት ዕትም ሥራ ሆኖ ቆይቷል። ኢንክስኬፕ ዲኤክስኤፍ ስለሚያወጣ መንገድ አለሽ።

እንግዲህ ፍርዴን ልንገርሽ። በ1 ለ 24 የተጠናቀቁ የቤት ዕቃዎች እየሸጥሽ ከቀጠልሽ ከሲልዌት ወገን ግዢ። ስፋት ካላስፈለገሽ ፖርትሬት፣ ካስፈለገሽ ካሜኦ። በተረፈሽ ገንዘብ ትርፍ ምላጮች፣ ሁለት ማት፣ ጥሩ ወረቀትና ጥሩ የጠረጴዛ መብራት ግዢበት። የደነዘዘ ምላጭ ወረቀቱን ይቦጫጭቃል፤ ሰው ግን ማሽኑን ይወቅሳል። ሙሉ ቤቶችን በ1 ለ 12 በእንጨት ልሠራ ካልሽ ደግሞ ሜከር ቦታው ነው። ወደ 1 ለ 48 ኪት ከወረድሽ በምላጭ የሚሠራ ማሽን ይቸግርሻል፤ ያ የሌዘር ሥራ ነው። ሌዘር የራሱ ጣጣ አለው፤ ጭስ ማስወጫ ይፈልጋል፣ ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ያለበት ነገር በፍጹም አይቆረጥበትም፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ለዚህ ቸኮል አትበዪ።

ያገለገለ ማሽን ካገኘሽ አልቃወምም። ብቻ በራስሽ አካውንትና በራስሽ ላፕቶፕ ተያይዞ፣ ይዘሽው የሄድሽውን ያንቺን ወንበር ሲቆርጥ ሳታዪ ገንዘብ እንዳትሰጪ። ማሽኑ ያለው የጋራ ወርክሾፕ ወይም ጓደኛ ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ከሰዓት እዚያ ሥሪ።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ከኢንተርኔት ያወረድሽውን ንድፍ ለሽያጭ ከማዋልሽ በፊት ፈቃዱን አንብቢ፤ ብዙው ለግል ብቻ ነው። ዕቃሽ ላይ ደግሞ ለሰብሳቢዎች የተሠራ መሆኑን፣ ትንንሽ ክፍሎች ስላሉት ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንደማይሰጥ ጻፊ። ያቺ 1.7 ሚሊ እግር በልጅ ጉሮሮ ምን እንደምታደርግ ማሰብ አልፈልግም።

ጣትሽ ዝሏል ያልሽውን አልረሳሁትም። ማሽኑ እስኪመጣ በቀን ከ2 ሰዓት በላይ በምላጭ አትቁረጪ፤ በየ20 ደቂቃው እጅሽን አሳርፊ። የወንበሩን የሰዓት ወረቀት ስትጨርሺ ላኪልኝ። እሱን ይዘን አንዱን ወንበር በስንት መሸጥ እንዳለብሽ አብረን እናሰላለን።