የእሳት ማጥፊያው አረፋ ወደ ጣና ሲወርድ

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው የምኖረው፤ ዓሣ ሻጭ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ተቃጥሎ እሳት አደጋዎች ደርሰው በውኃና በአረፋ አጠፉት፤ ይመስገኑ። ግን ጥቁር ውኃና ነጭ አረፋ ቦዩን ሞልቶ ወደ ሐይቁ ሲወርድ አየን። ጎረቤቴ «ሳሙና ነው፣ ምን ያደርጋል?» ይላል። እውነት ነው? የእሳት አደጋ ልጆቹስ የተሻለ ማድረግ ይችሉ ነበር?

መልስ፦ እህቴ፣ ጎረቤትዎ አረፋውን አቅልለውታል። እኔ እሳት ማጥፋት ላይ ያረጀሁ፣ አሁን አዳዲስ ልጆችን የማሠለጥን ሰው ነኝ። ቤንዚንና ቲነር ውኃ ላይ ይንሳፈፋሉ፤ በውኃ ብቻ ቢመቷቸው እሳቱን ይዘውት ይሄዳሉ። አረፋ የሚረጨው ላዩን ሸፍኖ አየር እንዲነሣቸው ነው። ችግሩ፣ ብዙዎቹ የቀድሞ አረፋዎች ፍሎሪን ያለባቸው፣ በቀላሉ የማይበሰብሱ ኬሚካሎች አሉባቸው። ከእነርሱ አንዱ ፒፎስ ነው፤ በዓሣም በሰውም አካል ይከማቻል። እንዲህ ያሉ የማይበሰብሱ መርዞችን የሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት በ2009 እ.ኤ.አ. ገደብ ጥሎበታል፤ ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ፍሎሪን የሌለው አረፋም ቢሆን ሲበሰብስ የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ደንገል ሥር የተደበቀ የዓሣ ጫጩት ወዴት ይሸሻል?

እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ጥቁሩ ውኃ ነው፦ የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የጎማ አመድ። በ1986 እ.ኤ.አ. ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ የኬሚካል መጋዘን ሲቃጠል፣ እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውኃ ፀረ ተባዩን አጥቦ ራይን ወንዝ ከተተው። ወንዙ ቀላ፤ ዓሣው በገፍ አለቀ። ጣና ደግሞ ሰፊ ይምሰል እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቁ ቦታ እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዓባይም የሚወጣው እዚሁ ከእኛ ደጅ ነው።

ልጆቹን ሳሠለጥን መጀመሪያ የምጠይቃቸው «ቦዩ ወዴት ይወርዳል?» ብዬ ነው። ሌሎቹ ቱቦ ሲዘረጉ አንዱ አካፋና አሸዋ የሞላ ጆንያ ይዞ ቦዩን ከታች ይዘጋዋል። የተጠራቀመው ውኃ በኋላ በመምጠጫ መኪና ይነሣል። ሰው ውስጥ ካለ በእርግጥ ቦይ አይታሰብም። ሰው ከወጣና እሳቱ ወደ ጎረቤት የማይዛመት ከሆነ ግን፣ ዙሪያውን እየጠበቁ እንዲነድ መተው የሚሻልበት ጊዜ አለ። (ይህን ለባለንብረት ማስረዳት ከእሳቱ ይብሳል።) አረፋ ለልምምድ ሐይቅ ዳር ሲነፋ ሳይ ደግሞ ደሜ ይፈላል፤ ለልምምድ ውኃ ይበቃል።

ባለ ጋራዡ ወለሉን በውኃ ሊያጥብ ከተነሣ ይከልክሉት። ሰጋቱራ ወይም አሸዋ ነስንሶ፣ ጠርጎ በርሜል ውስጥ ይክተተው፤ የዘይት በርሜሎቹንም ከቦዩ ጫፍ ያርቅ። እርስዎ ደግሞ ቦዩ ሐይቁን በሚገባበት አካባቢ የተንሳፈፈ ዓሣ ካዩ ለገበያ አያንሡት፤ ቀኑንና ቦታውን መዝግበው ለከተማው አካባቢ ጥበቃ ያመልክቱ።