የተረፈውን ክኒን የት ልጣለው?

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች አራቱ ስለ ውሃ ናቸው። ገጹን ሙሉ ለነሱ ሰጥተነዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የስኳርና የደም ግፊት ታማሚ ነበሩ። ካረፉ በኋላ ቁም ሳጥናቸውን ስከፍት አንድ ፌስታል ሙሉ መድኃኒት አገኘሁ። ልጆች እንዳይነኩት ብዬ ግማሹን ሽንት ቤት ደፍቼ ውሃ ለቀቅሁበት። ባለቤቴ «ወንዝ እኮ ነው የሚገባው» ብሎ ተቆጣኝ። እውነት ያን ያህል ጉዳት አለው? ቀሪውንስ ምን ላድርገው? (ከሳሪስ)

መልስ፦ በቅድሚያ እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ። ለልጆቹ ማሰብሽ ትክክል ነው። ባለቤትሽም ግን እውነቱን ነው።

ከሽንት ቤት የወጣ ፍሳሽ አዲስ አበባ ውስጥ መንገዱ ብዙ ነው። ከፊሉ በመስመር ወደ ማጣሪያ ይሄዳል፤ ከፊሉ ጉድጓድ ውስጥ ተጠራቅሞ የመምጠጫ መኪና ይጠብቃል፤ ከፊሉ ደግሞ በየቱቦው ሾልኮ ወንዝ ይገባል። ማጣሪያ ገባ ማለትም ጸዳ ማለት አይደለም። ማጣሪያዎች የተሠሩት ዓይነ ምድሩን፣ ዝቃጩንና ጀርሙን ለመቀነስ እንጂ ውሃ ውስጥ የሟሟ መድኃኒት ለመያዝ አይደለም። አንዳንዱን መድኃኒት ይቀንሱታል። እንደ ካርባማዜፒን ያለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ግን አብዛኛው እንደገባ ይወጣል።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እኔን ራሴን ያስደነገጠኝ ነው። በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ትልቅ ጥናት በ104 አገሮች ከሚገኙ 258 ወንዞች ውሃ ቀድቶ 61 ዓይነት መድኃኒቶችንና መሰል ንጥረ ነገሮችን ፈልጎ ነበር። በአማካይ ከፍተኛ መጠን ከተገኘባቸው ከተሞች የፓኪስታኗ ላሆር አንደኛ፣ የቦሊቪያዋ ላፓዝ ሁለተኛ ሆኑ። ሦስተኛዋ የኛው አዲስ አበባ ናት። የስኳር ታማሚዎች የሚወስዱት ሜትፎርሚን ደግሞ በዓለም ዙሪያ ናሙና ከተወሰደባቸው ቦታዎች ከግማሽ በሚበልጡት ተገኝቷል።

ይህ ሁሉ ሰው ክኒን ስለደፋ ብቻ የመጣ አይደለም። ሜትፎርሚን ሰውነታችን ውስጥ ሳይፈርስ በሽንት ይወጣል። ከዋጥነው አሞክሳሲሊንም ከግማሽ በላዩ በሽንት ሳይለወጥ ይወጣል። ስለዚህ መድኃኒት የሚወስድ ሁሉ ሳያውቀው ወንዙን ያስውጠዋል። ያንን ማስቀረት አይቻልም፣ መታከም አለብን። የተረፈውን መድፋት ግን ማስቀረት የምንችለው ነገር ነው።

«ትንሽ ክኒን ወንዝ ምን ታደርገዋለች?» ትዪ ይሆናል። ካናዳ ውስጥ፣ ኦንታሪዮ፣ ተመራማሪዎች ለሙከራ ብቻ በተተወ አንድ ትንሽ ሐይቅ ላይ ከ2001 እስከ 2003 ድረስ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ውስጥ ያለውን ሆርሞን በጣም በትንሹ ጨመሩበት። መጠኑ በአንድ ሊትር ውሃ ከ5 እስከ 6 ናኖግራም ነበር፣ ናኖግራም ማለት የአንድ ግራም ቢሊዮንኛ ነው። ወንዶቹ ዓሦች የሴት ዓሣ የእንቁላል ፕሮቲን መሥራት ጀመሩ። መራባት ተበላሸ፤ አንደኛው ትንንሽ የዓሣ ዝርያ ከሐይቁ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም ነበር። ሆርሞኑ ሲቆም ከዓመታት በኋላ አገገመ። (ይህን አንብባችሁ መከላከያ የምታቋርጡ እህቶች እንዳትኖሩ፣ አደራ። የኔ ጠብ ከፍሳሽ ማጣሪያው ጋር ነው።) ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ደግሞ ሌላ መዘዝ አለው። ወንዝ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ መድኃኒት ሲያገኝ ይለምደዋል፣ የለመደው ደግሞ ተመልሶ እኛኑ ያሳምመናል።

ቀሪውን ምን ታደርጊዋለሽ? መጀመሪያ የገዛሽበትን መድኃኒት ቤት ወይም ቅርብ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቂ፤ ለማስወገድ የሚቀበሉሽ ከሆነ ከዚያ የተሻለ የለም። እምቢ ካሉሽ ክኒኖቹን ከማሸጊያቸው አውጪና ከቡና አተላ ወይም ከአመድ ጋር ደባልቂያቸው። በፌስታል ጥብቅ አድርገሽ አስረሽ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ስጪ። ከሽንት ቤት ይሻላል እንጂ ፍጹም መፍትሔ አይደለም፣ ቆሻሻ የሚጣልበትን ቦታም ዝናብ ያጥበዋል። ለጎረቤት «ላንቺም ይሆንሻል» ብሎ መስጠት ግን በፍጹም!

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃ አፍልቼ ነው የምጠጣው። ማፍላት ኬሚካልንም ይገድላል? (ከላፍቶ)

መልስ፦ አይገድልም። ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው። እርሳስና ክሮም የሚባሉት ብረቶች፣ አብዛኛው የመድኃኒት ቅሪትም ውሃው ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይወፍራል። ቢሆንም ማፍላቱን አይተዉ፣ ተቅማጥና ታይፎይድ የቅርብ ጠላቶቻችን ናቸው። ደግሞም የከተማዋ ቧንቧ ከቆሸሹት ወንዞች አይቀዳም፤ ከለገዳዲ፣ ከድሬ፣ ከገፈርሳ ግድቦችና ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው።

ጥያቄ፦ የዝዋይ ዓሣ ውስጥ ፕላስቲክ አለ ሲባል ሰማሁ። መብላት ልተው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይተዉ። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ከተመረመሩት የዝዋይ ዓሦች 35 በመቶው ሆድ ዕቃ ውስጥ የፕላስቲክ ስባሪ ተገኝቷል። ከታች ጭቃውን እየፈተሹ የሚመገቡት እንደ አምባዛ ያሉት ከቆሮሶ ይልቅ ብዙ ነበረባቸው። የተገኘው ሆድ ዕቃ ውስጥ ስለሆነ አንጀቱን በደንብ አውጥተው ያጽዱት። የወጣውንም መልሰው ውሃ ዳር አይጣሉት።

ጥያቄ፦ አቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት አለማለሁ። አባቴም እዚሁ ነበር የሚያለማው፣ ያኔ እንዋኝበት ነበር። አሁን ውሃው አንድ ቀን አረፋ፣ አንድ ቀን ቀለም ይዞ ይመጣል። ሰው «መርዝ ነው የምትሸጠው» ይለኛል። ምን ላድርግ? (ከአቃቂ)

መልስ፦ አባቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ያ ውሃ ከእንጦጦ ሲነሳ ንጹሕ ነው፤ እርስዎ ጋር እስኪደርስ የቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የቆዳ ፋብሪካ ክሮም፣ የሆስፒታል እጣቢ ይቀላቀልበታል። ከእርስዎ ማሳ አልፎም አይቆምም፤ አባ ሳሙኤል ይገባል፣ ከዚያ አዋሽ፣ ከዚያ ቆቃ። አዋሽ ደግሞ ባሕር አይደርስም፣ አፋር ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ነው የሚያበቃው። የጫንበት ሁሉ ባሕር ሳይገባ እዚሁ ይቀራል።

እውነቱን ለመናገር ችግሩ አለ። ሰላጣ፣ ቆስጣ፣ ጎመን የመሳሰሉት ቅጠላ ቅጠሎች ከአፈሩ ብረት ነክ መርዞችን ከሌላው ሰብል የበለጠ ይስባሉ። እሱን ደግሞ ማጠብ አያስለቅቀውም፣ ማጠብ የሚጠቅመው ላዩ ላይ ላለው ጀርም ነው። ከቻሉ ከወንዙ ይልቅ የጉድጓድ ውሃ ይጠቀሙ፣ እሱንም አስመርምረው። ካልሆነ ውሃው ቀለም ወይም አረፋ ይዞ በመጣ ቀን አያጠጡ። በቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ ያጠጡ። ጥሬ ከሚበላ ሰላጣ ይልቅ ተቀቅሎ ወደሚበላ፣ ከቅጠልም ወደ ፍሬ ቢያዞሩት ይሻላል። ከመሰብሰብዎ በፊት ደግሞ ጥቂት ቀናት ውሃ ያቁሙ፤ ፀሐዩ ቅጠሉ ላይ ያለውን ጀርም ይቀንስልዎታል።

ቀለሙ የመጣበትን ቀንና ሰዓት እየጻፉ ይያዙ፣ በስልክዎም ፎቶ ያንሱ። ከጎረቤት ገበሬዎች ጋር ሆነው ለአካባቢ ጥበቃ ቢሮ ሲያመለክቱ «ውሃው ቆሸሸ» ከማለት «ማክሰኞ ከሌሊቱ በ8 ሰዓት ሰማያዊ ሆኖ መጣ» ማለት ይሻላል። ከየትኛው ቱቦ እንደወጣ መከታተል የሚቻለው እንደዚያ ነው።