ባርሳ ፈርሶ ይገንባ ወይስ ለዋንጫ ይታገል?

ጥያቄ፦ ሰላም ለአምዱ አዘጋጅ! የባርሴሎና ደጋፊ ነኝ፣ ከሮናልዲንሆ ጊዜ ጀምሮ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ የማያልቅ ጭቅጭቅ አለን። ላሊጋ (የስፔን አንደኛ ሊግ) ባስቀመጠው የደመወዝ ጣሪያ ምክንያት ነሐሴ በመጣ ቁጥር “ተጫዋቹ ይመዘገባል፣ አይመዘገብም” እያልን ነው የምንከርመው። ጓደኞቼ “ትልልቅ ደመወዝ የሚበሉትን ሸጠን፣ ሁለት ሦስት ዓመት ዋንጫ ረስተን፣ በታዳጊዎች እንደ አዲስ እንገንባ” ይላሉ። እኔ ደግሞ ባርሳን የሚያህል ቡድን “ዘንድሮ ዋንጫ አልፈልግም” ብሎ ሊጉን መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። አንተ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እኔ ወደ ጓደኞችህ አደላለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን አልስማማም፣ እሱም “ሁለት ሦስት ዓመት ዋንጫ ረስተን” ያሉት ነው። መፍረስ ያለበት የደመወዝ ዝርዝሩ ነው። ቡድኑ ከመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃዎች ከወረደ ግን ግንባታውም አብሮ ይወድቃል።

ለምን መሰለህ? ላሊጋ ለሁሉም ክለብ አንድ ዓይነት ጣሪያ አይሰጥም። የክለቡን ገቢ ይወስዳል፣ ከላዩ ላይ ከቡድኑ ውጭ ያለውን ወጪና የዕዳ ክፍያ ይቀንሳል፣ የተረፈው ነው ለተጫዋቾች የሚወጣው። ከዚያ ያለፈ ክለብ አዲስ ተጫዋች ማስመዝገብ ይቸግረዋል። ስለዚህ ከአራቱ ወርዶ ከሻምፒዮንስ ሊግ የቀረ ቡድን ገቢው ይቀንሳል፣ ገቢው ሲቀንስ ጣሪያው ይወርዳል፣ ጣሪያው ሲወርድ ደግሞ እነዚያን ታዳጊዎች እንኳን በደንብ መክፈል ያቅተዋል። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ወራትና ቀኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2019-20 የባርሳ ጣሪያ 671 ሚሊዮን ዩሮ ነበር። በመስከረም 2021 ወደ 98 ሚሊዮን ገደማ ወረደ። ጥቂት ወራት ቆይቶ፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ፣ ከዜሮ በታች 144 ሚሊዮን ገባ። ኮሮና ስታዲየም ዘግቶ ገቢውን መታው፣ ውሎቹ ግን በነበሩበት ቀሩ።

“አፍርሰህ ገንባ” የሚለው ሐሳብ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ ስፖርት ነው። እዚያ ጣሪያው ለሁሉም እኩል ነው፣ በመጨረሻ ደረጃ የጨረሰ ቡድን ደግሞ ከአዲሶቹ ወጣት ተጫዋቾች ቀድሞ የመምረጥ ዕድል ያገኛል። መሸነፍ ካሳ አለው ማለት ነው። በአውሮፓ እግር ኳስ ግን መጨረሻ የወጣ ይወርዳል፣ በቃ። ማንም ለሽንፈትህ ልጅ መርጦ አይሰጥህም።

አሁን ወደ አንተ ሐሳብ ልምጣ፣ ምክንያቱም በየዓመቱ ለዋንጫ መታገልም ዋጋ አለው፣ ባርሳ ደግሞ በ2022 ዋጋውን ከፍሎ አሳይቶናል። ክለቡ የላሊጋ የቴሌቪዥን ገቢውን 25 በመቶ ለ25 ዓመት ሸጠ። የቪዲዮ ሥራዎቹን ከሚያዘጋጅለት ኩባንያው ከባርሳ ስቱዲዮስም ግማሽ የሚጠጋ ድርሻ ሸጠ። በዚያ ገንዘብ ሌቫንዶቭስኪ፣ ራፊንያና ኩንዴ መጡ። ጣሪያው ወደ 656 ሚሊዮን ዘለለ፣ በቀጣዩ ዓመት ግንቦትም አሠልጣኙ ዣቪ በ88 ነጥብ ሊጉን ወሰደ። እኔም በጣም ነበር የተደሰትኩት። ግን “ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል” አይደል የሚባለው? በዚያው የውድድር ዓመት በሻምፒዮንስ ሊግ ከምድብ ማለፍ አልተቻለም። በመስከረም 2023 ጣሪያው 270 ሚሊዮን ላይ ተመልሶ ወደቀ። በ2023-24 አንድም ዋንጫ ሳይነሳ ዣቪ ሄደ። የተሸጠው የቴሌቪዥን ገቢ ግን እንደተሸጠ ነው። የ25 ዓመቱ ጊዜ በ2047 ሲሞላ ታዳጊው ኮከባችን ላሚን ያማል የ40 ዓመት ሰው ይሆናል። አንድ ሊግ ለማንሳት ይህን ያህል መሸጥ አልነበረብንም፣ ይህን የምለው እየከፋኝ ነው።

ስለ ታዳጊዎቹ ስናወራ ብዙ ሰው “ርካሽ ናቸው” ብሎ ያልፋል። ነገሩ ከዚያ ይሰፋል። አንድ ተጫዋች በ60 ሚሊዮን ገዝተህ የ5 ዓመት ውል ብታስፈርመው፣ ሒሳቡ ላይ በየዓመቱ 12 ሚሊዮን ይጻፍብሃል። ደመወዙ ደግሞ ከዚያ ላይ ይደመራል። ጣሪያው የሚቆጥረው ሁለቱንም ነው። ከላ ማሲያ (ከባርሳ የታዳጊዎች አካዳሚ) ያደገ ልጅ ግን ያ 12 ሚሊዮን የለበትም፣ ደመወዙ ብቻ ነው የሚታየው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ የራስህን ልጅ ስታሰልፍ፣ በሌላ ቦታ ላይ የእውነት የሚጎድልህን ተጫዋች የምትገዛበት አየር ታገኛለህ። (በተቃራኒው ያደገውን ልጅ ከሸጥከው ዋጋው በሙሉ ትርፍ ሆኖ ይመዘገባል። ለዚህ ነው ክለቦች በችግር ጊዜ መጀመሪያ ዓይናቸውን የራሳቸው ልጆች ላይ የሚጥሉት። እኔ ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ፤ በቀጣዩ ዓመት የእሱን ቦታ በገንዘብ ልትሞላ ነውና።)

ሚያዝያ 2023፣ ከቤቲስ ጋር በነበረው ጨዋታ፣ በ83ኛው ደቂቃ አንድ የ15 ዓመት ልጅ ተቀይሮ ገባ። ያማል ነው። በቀጣዩ ዓመት ተከላካዩ ኩባርሲ በ16 ዓመቱ ተሰለፈ፣ መጋቢት ላይ ደግሞ ናፖሊን ሲገጥሙ ኦሲምሄንን ያህል አጥቂ እንደ ትልቅ ሰው ሲይዝ አየነው። ባልዴ፣ ጋቪ፣ ፌርሚን፣ ካሳዶ ሁሉም ከዚያው ቤት ናቸው። በ2024-25 አሠልጣኙ ፍሊክ እነዚህን ይዞ ሊጉን፣ የንጉሡን ዋንጫና ሱፐር ካፑን ወሰደ። ሪያል ማድሪድን በሱፐር ካፑ ፍጻሜ 5 ለ 2፣ በንጉሡ ዋንጫ ፍጻሜ 3 ለ 2። በሻምፒዮንስ ሊግ ግማሽ ፍጻሜም ከኢንተር ጋር በድምር 7 ለ 6 ነው የተሸነፈው። ጓደኞችህ ይህን ሊያሳዩህ ይችላሉ። አንተ ደግሞ ልታስታውሳቸው የሚገባ ነገር አለ፦ በዚያ ቡድን ፊት መስመር ላይ በ1988 የተወለደው ሌቫንዶቭስኪ ቆሞ በሊጉ 27 ጎል አግብቷል። ልጆች ብቻቸውን አይደለም ያሸነፉት። አንድ ሁለት አንጋፋ፣ ውሉ አጭር የሆነ፣ መሃላቸው መኖር አለበት።

ስለ ውል ርዝመት ካነሳሁ አይቀር፣ እኔ ከዝውውር ዋጋ ይልቅ የምፈራው እሱን ነው። በጥቅምት 2020 ፒኬ፣ ቴር ስቴገን፣ ሌንግሌትና ደ ዮንግ ውላቸውን ሲያራዝሙ ክለቡ የዚያን ጊዜ ደመወዛቸውን ከፊል ወደ ቀጣዮቹ ዓመታት ገፋው። በወቅቱ እፎይ አልን። የተገፋው ደመወዝ ግን ሰውዬው በዕድሜ እየገፋ፣ ጉልበቱ እየቀነሰ ባለበት ጊዜ ነው ተመልሶ የሚመጣው። 30 ዓመት ላለፈው ተጫዋች ረጅም ውል መስጠት ካልቀረ ታዳጊ ብታሰልፍም ጣሪያው ሁሌ ይነካሃል።

የአማካዩን የኦልሞን ነገር አስታውስ። ከላይፕዚግ ሲመጣ 55 ሚሊዮን ወጣበት፣ ግን ለማስመዝገብ ቦታ አልነበረም። ክሪስተንሰን ለረጅም ጊዜ ሲጎዳ በእሱ ደመወዝ ክፍተት ነው የገባው፣ ያውም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ብቻ። ጥር ሲገባ ምዝገባው ተቋረጠ፤ ቡድኑ ጅዳ ላይ ከአትሌቲክ ጋር ሲጫወት ኦልሞ መሰለፍ አልቻለም፣ የስፔን መንግሥት የስፖርት ምክር ቤት ጊዜያዊ ፈቃድ የሰጠውም በዚያው ቀን ነው። መጀመሪያ ቦታ አስለቅቅ፣ ከዚያ ግዛ። እኔ ብሆን ለቦርዱ የምለው ይህን ነው።

ጥያቄ፦ ሜሲ በ2021 ለምን ደመወዙን ቀንሶ አልቀረም? በነፃ መጫወት ይችል ነበር የሚሉም አሉ። ለምን አላደረገውም?

መልስ፦ ቀንሶ ነበር እኮ። 50 በመቶ እንዲቀነስለት እንደተስማማ ራሱ ተናግሯል። ችግሩ የድሮ ውሉ ሰኔ 30 አልቆ ስለነበር፣ ለላሊጋ እንደ አዲስ ፈራሚ ነው የሚመዘገበው። ለአዲስ ምዝገባ ደግሞ ቦታ አልነበረም። የክለቡ ፕሬዝዳንት ላፖርታ ያኔ እንደተናገረው የክለቡ የደመወዝ ወጪ ከሜሲ ጋር የገቢው 110 በመቶ፣ ያለ ሜሲ እንኳን 95 በመቶ ነበር። የእሱ ደመወዝ ዜሮ ቢሆን እንኳ ያ 95 በመቶ አይነቃነቅም። ነሐሴ 8 ሜሲ ሚስቱ ባቀበለችው ሶፍት እንባውን ሲጠርግ፣ ክለቡ ለእያንዳንዳቸው ከ100 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ያወጣባቸው ኩቲንሆና ግሪዝማን ገና በባርሳ ደመወዝ ዝርዝር ላይ ነበሩ።