ለምን አልተኙም?

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት የጓደኛዬ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነው። ወሬ ወሬን እያነሳ ስለ ጦርነት ማውራት ጀመርን። ስልኩን አውጥቶ አጭር ቪዲዮ አሳየኝ። ከዩክሬን ግንባር ነው አለኝ። አንድ ወታደር ባዶ እርሻ ላይ ይሮጣል። ድሮኗ ከላይ ትከተለዋለች። ፊቱን በክንዱ ሲሸፍን ምስሉ ይቋረጣል።

ልጁ "ጋሼ፣ ምን አስሮጠው? ለምን መሬት ላይ አልተኛም?" አለኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህን ጥያቄ ከዚህ በፊት ተጠይቄዋለሁ። ያኔ የሰጠሁት መልስ ዛሬም ይቆጠቁጠኛል።

ወጣት የታሪክ መምህር ነበርኩ። እንግሊዝና አጋሮቿ የፈረንሳዩን ናፖሊዮንን ስላሸነፉበት ስለ ዋተርሉ ጦርነት እያስተማርኩ ነው፤ እ.ኤ.አ. ጁን 18 ቀን 1815። ሰሌዳውን በቀይና በሰማያዊ ጠመኔ ሞልቼዋለሁ። ቀዩ እንግሊዝ፣ ሰማያዊው ፈረንሳይ። ወታደሮቹ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ፊት ለፊት እንደሚታኮሱ በስሜት እያስረዳሁ ነበር። ተማሪውም ፀጥ ብሎ ያዳምጠኛል። ይህ ፀጥታ ደስ ይለኝ ነበር።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል የምትቀመጥ ልጅ እጇን አወጣች። ብዙ የማትናገር ልጅ ነበረች። "ቲቸር፣ ለምን አይተኙም? ከተኙ እኮ ጥይቱ አያገኛቸውም" አለች።

መልሱን አላውቀውም ነበር። ለዓመታት ይህን ጦርነት ሳጠናና ሳስተምር አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ደነገጥኩ። ድንጋጤዬን ልደብቅ ብዬ፣ "ጀግና አይተኛም! አንቺ ብትሆኚ ግን ትተኚ ነበር" አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። እሷ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ደብተሯን ወደ ራሷ ጎተተችና አንገቷን ደፍታ መጻፍ ጀመረች።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ እጇን አውጥታ አታውቅም። የማጠቃለያ ፈተናዋን ያረምኩት እኔ ነኝ። ቀኑ፣ ቦታው፣ የአዛዦቹ ስም፣ አንድም አልሳተችም። "ምክንያቱን አብራሪ" በሚለው ጥያቄ ሥር የጻፈችው ግን እኔ ያጻፍኳትን ማስታወሻ ነው፣ ቃል በቃል። የራሷ የሆነ አንድ ዐረፍተ ነገር ፈልጌ አጣሁ። ሙሉ ማርክ ሰጠኋት።

መልሱን ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አንድ ማታ ስለ ፕራሻ (የድሮ የጀርመን መንግሥት ናት) እና ኦስትሪያ ጦርነት እያነበብኩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. የ1866ቱ። የፕራሻ ወታደሮች ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ስለያዙ ተኝተው ያጎርሱና ይተኩሱ ነበር ይላል። መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ተነስቼ የመወልወያውን እንጨት አመጣሁና ሳሎን ምንጣፍ ላይ በደረቴ ተኛሁ።

የዋተርሉ ጠመንጃ የሚጎርሰው በአፈሙዙ ነው። ባሩዱና እርሳሷ የተጠቀለሉበትን ወረቀት በጥርስህ ትቀድዳለህ። ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳለህ። እርሳሷን ታስከትላለህ። ከዚያ ረጅሙን ዘንግ መዝዘህ እስከ ታች ትጠቀጥቃለህ። በርሜሉ ብቻ አንድ ሜትር ገደማ ነው። በደረቴ ተኝቼ ሞከርኩት። እጄ ጫፉ ጋ አይደርስም። ቢደርስም ባሩዱ ወደ ታች አይወርድም፤ ጠመንጃው አግድም ነዋ። በጀርባዬ ተገላብጬ ሞከርኩ። እንደዚያ ለአንድ ጥይት ምናልባት ይቻላል። ጠላት እየቀረበብህ ግን አይታሰብም። ባለቤቴ መብራቱን አብርታ "ምን ሆንክ?" ስትለኝ ልነግራት አልቻልኩም። እንባዬ መጥቶ ነበር።

እዚያው ዋተርሉ ላይ የእንግሊዙ አዛዥ ዌሊንግተን ወታደሮቹን ከኮረብታው ጀርባ አስተኝቷቸው እንደነበርም አነበብኩ። ከመድፉ እንዲተርፉ ብሎ። የናፖሊዮን ዘበኞች ሲደርሱ ተነስተው ተኮሱባቸው። ይህን ሁሉ ዓመት ያስተማርኩት ጦርነት ላይ የዚያች ልጅ ሐሳብ በሥራ ላይ ውሏል። እኔ ደግሞ ክፍሉን ሙሉ አስቄባታለሁ።

ነገሩ በጠመንጃው ብቻ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን የአውሮፓ ወታደር አብዛኛው ወይ ቅጥር ነው፣ ወይ ተገዶ የመጣ። አዛዡ አያምነውም። የፕራሻው ንጉሥ ታላቁ ፍሬድሪክ ጦሩን ጫካ አጠገብ እንዳያሰፍሩ ጄኔራሎቹን ያስጠነቅቅ ነበር፤ ወታደሩ በሌሊት እንዳይጠፋ። እንዲህ ያለ ወታደር ቆሞ፣ ከጓደኛው ትከሻ ጋር ተጣብቆ፣ ከኋላው አለቃው እያየው ካልሆነ አይዋጋም ተብሎ ይታሰባል። ከተኛ ማን ያስነሳዋል? ከኋላ የሚጎርሰው ጠመንጃ ሲመጣ ብዙ አዛዦች ያመነቱት ለዚህም ነው። ወታደሩ ጥይት ያባክናል ብለው ፈሩ። ስለዚህ ወታደር እንዲተኛ ሁለት ነገር መሟላት ነበረበት፦ ተኝቶ የሚያጎርሰው መሣሪያ፣ እና ማንም ሳያየው ይተኩሳል ተብሎ የሚታመን ሰው።

መሣሪያውን ያመጣው ፋብሪካ ነው፤ ያን ሰው ግን ፋብሪካ ብቻውን አላመጣውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 23 ቀን 1793 የፈረንሳይ አብዮተኞች ያወጡትን አዋጅ ፈልጋችሁ አንብቡት። ወጣቶች ይዘምታሉ። ያገቡ ወንዶች መሣሪያ ይሠራሉ። ሴቶች ድንኳንና ልብስ ይሰፋሉ፣ በሆስፒታል ያገለግላሉ። ሕፃናት አሮጌ ጨርቅ እየተረተሩ ለቁስል ማሰሪያ ያዘጋጃሉ። ሽማግሌዎች አደባባይ ወጥተው የተዋጊውን ወኔ ይቀሰቅሳሉ። የንጉሥ የነበረው ጦርነት የሁሉም ቤት ሆነ። ሕፃኗ ጨርቅ ስትተረትር ይታየኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ከጦርነት ውጭ ነኝ የሚል ሰው ማግኘት እየከበደ ሄደ።

ለዚህ ነው ስለ መሣሪያ ብቻ የሚያወራኝ ሰው የማያረካኝ። ሰውን ጠይቁ እላለሁ ሁልጊዜ። ግን የአንደኛው የዓለም ጦርነት ውጊያ የሆነው ሶም ላይ ስደርስ አፌ ይያዛል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1916፣ በአንድ ቀን ብቻ፣ ከ57 ሺህ በላይ እንግሊዛውያን ሞቱ፣ ቆሰሉ ወይም ጠፉ። የሞቱት ከ19 ሺህ በላይ ናቸው። ብዙዎቹ በፈቃዳቸው የዘመቱ፣ የተማሩ፣ አገራቸውን የሚወዱ ልጆች ነበሩ። ፊታቸው ላይ የነበረው በደቂቃ ከ500 እስከ 600 ጥይት የሚተፋ መትረየስና መጀመሪያ ለከብት አጥር የተሠራ እሾሃማ ሽቦ ነው። እዚያ ወኔም ትምህርትም አላዳናቸውም። እዚህ ላይ መሣሪያው አሸነፈ። ራሴን የምቃረን ይመስለኛል፤ ቢሆንም ሁለቱንም አምናለሁ።

አባቴ የእጅ ሰዓቱን ከማውለቁ በፊት ሁሌ በጣቱ ይወለውለው ነበር። የእጅ ሰዓት ድሮ በአውሮፓ የሴት ጌጥ ነበር። ወንዶች በብዛት የለመዱት በዚያው ጦርነት ምሽግ ውስጥ ነው። የመድፉን ተኩስና የእግረኛውን መነሻ ደቂቃ ለማገጣጠም ኪስ ውስጥ መግባት ስለማያመች። አባቴ ይህን የሚያውቅ አይመስለኝም። ሰዓት ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የዛሬ ልጆች ላይ የሚከነክነኝ ነገር አለ። የሰው ሞት በሙዚቃ ታጅቦ በሠላሳ ሰከንድ ታያላችሁ፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ይህ ልብን ያደነድናል ብዬ እፈራለሁ። ግን ደግሞ የጓደኛዬ ልጅ ቪዲዮውን አይቶ የጠየቀው ስለ ሰውየው ነው። እኔ በእሱ ዕድሜ እንደዚያ አልጠየቅሁም። ስለ ንባብና ስለ ትጋት ምክር አልጨምርላችሁም፤ ሰምታችሁታል። ጥያቄያችሁን የሚስቅበት አስተማሪ ካጋጠማችሁ ግን፣ መልሱን ስለማያውቅ ሊሆን እንደሚችል እወቁ። አትተዉት።

ለልጁ በዚህኛው ጊዜ "አላውቅም፣ አብረን እንየው" አልኩት። ቪዲዮውን እያቆምን አየነው። እርሻው ላይ ዛፍ የለም፣ ጉድጓድ የለም። ልጁ ራሱ ደረሰበት። "ጋሼ፣ መተኛት የሚጠቅመው ጠላት ፊት ለፊት ሲሆን ነው። ይሄ ከላይ ነው የሚያየው" አለኝ። ዛሬ እዚያ ያሉ ሰዎች መንገዱን በዓሣ ማጥመጃ መረብ ይሸፍናሉ፤ ድሮን እንዳይገባ። ከግንባር ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ተሰብስበው መሸሸጊያ መረብ ይሠራሉ። የ1793ቷ ሕፃን ጨርቋን ይዛ መጣችብኝ።

ያቺ ተማሪዬ አሁን የት እንዳለች አላውቅም። የልጆች እናት ሆና ይሆናል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ በመስኮቱ በኩል ትቀመጪ የነበርሽው ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ ከደረሰሽ መልሱ ይኸውልሽ። ጀግንነት አልነበረም ያቆማቸው። ተኝተው ማጉረስ አይችሉም ነበር። ባሩዱ አይወርድላቸውም።